ሞት እንዲንቀው የተለመነ ስም

ማስተዋል ሦስት ልጆች ቀብራለች። የመጀመሪያዋ በ2000 ዓ.ም. በተወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ስም ሳይወጣላት ሞተች። ሁለተኛዋ ሰገነት ትባል ነበር፤ አራት ወር ኖረች። ሦስተኛው ሰጠኝ ዐሥራ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ኖሮ፣ ግድግዳ ይዞ መቆም በጀመረ በሳምንቱ በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አረፈ። ልቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ሦስቴም አንድ ቃል ተናገረ፤ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሰጠኝ ስንት ኪሎ ይመዝን እንደ ነበር፣ ክብደቱ መጨመር ያቆመው በየትኛው ወር እንደ ሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ስንት ጊዜ እንደ ተወሰደ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ፈጣሪን መክሰስ ኃጢአት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ሁሉንም ነገር በእርሱ ላይ ለማሳበብ ግን አንድ ቀን አመንትተው አያውቁም።

ማስተዋል ቢቸና ውስጥ ከመናኸሪያው በታች ባለ አንድ ወፍጮ ቤት እህል መዛኝ ነበረች። ሥራዋ የመጣውን እህል መመዘን፣ ተራ ማስያዝና ዱቄቱ ሲወጣ እንደገና መመዘን ነው። ከእጇ አንድ ኪሎ ጎደለ ብሎ የተመለሰ ሰው እንዳልነበረ ባለወፍጮው ሳይቀር ይመሰክርላታል። ባሏ ሰማው ቢያድግልኝ አናጢ ነው። ከሰጠኝ ሞት በኋላ ልጅ የሚለው ቃል በቤታቸው ሳይነሣ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ማስተዋል አራተኛ ጊዜ አረገዘች፤ መውለጃዋ ሲቃረብም እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ከሞጣ ድረስ መጥተው ይዘዋት ሄዱ።

ልጅቱ የካቲት 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ በሞጣ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ተወለደች። ምጡ ሃያ ሰዓት ወሰደ። እነዚያን ሃያ ሰዓታት ከማስተዋል አጠገብ ያልተለየችው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ኦብሴ ነበረች፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከሻምቡ፣ ተመድባ ሞጣ ከመጣች አምስተኛ ዓመቷ ነበር።

በስድስተኛው ቀን አያትና እናት ሕፃኗን ለምርመራ ይዘው ሲሄዱ፣ ይርጋነሽ ሌላ ጉዳይም ይዘው ነበር። ልጅ አልበረክት ባለው ቤት የሚደረግ የቆየ ልማድ አለ። ሕፃኑ ከዘር ውጭ ለሆነ ሰው «ይሸጣል»፤ ገዢው ስም ያወጣለታል፤ ወላጆቹም በዚያ ስም ያሳድጉታል። ስሙ ከተለወጠ ሽያጩ ይፈርሳል፤ ሽያጩ ከፈረሰ ሞት ልጁን ያውቀዋል። ለእንግዳ ሰው የሚነገረው ምክንያት ይህ ብቻ ነው። የማይነገረው ምክንያት፣ ባዕዱ ስም የሚመረጠው የተናቀ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ መሆኑ ነው። ይህን ልማድ ያቆዩልን ሰዎች የጎረቤታቸውን ስም ለልጃቸው የተዋሱት አክብረውት አልነበረም፤ ቆሻሻ ልብስ እንደሚያለብሱት አድርገው ነው ያለበሱት። ደግሞም ይህን ያደረጉት ያንኑ ጎረቤት ፊት ለፊት እየለመኑ ነው።

«ሲስተር ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉ ይርጋነሽ።

ኦብሴ የሕፃኗን እምብርት እያየች ነበር። «ምን ልታዘዝ፣ እማማ?»

«ይችን ልጅ ግዥን።»

«ምን አሉኝ?»

«ለይስሙላ ነው እንጂ አትወስጃትም። ትገዥናለሽ፣ ስም ታወጭላታለሽ፣ እኛ እናሳድግልሻለን። ሦስት ቀብራለች እኮ።»

«እሱን ነግራኛለች። ለምንድን ነው ግን እኔ?»

«አንቺማ ከማዶ ነሽ።»

«ብሆንስ?»

ይርጋነሽ መዋሸት የማይችሉ ሴት ነበሩ። «የእናንተ አገር ስም ሲሆን ሞት ይንቀዋል» አሉ። «የናቀውን ደግሞ አይወስድም።»

ማስተዋል አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጠች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ኦብሴ ሕፃኗን ጠቅልላ ጨረሰች።

«እናቴ ሻምቡ ነው ያለችው» አለች በመጨረሻ። «ቢፍቱ ትባላለች። ዐሥራ ሁለት ወልዳ ዐሥራ ሁለታችንንም አሳድጋለች። ሞት የሷን ስም ይንቀዋል ነው የሚሉኝ? እኔ እስካሁን የፈራት ነበር የሚመስለኝ።»

«ሰው አልገዛም፣ እማማ። ለይስሙላም ቢሆን አልገዛም። ስም ግን እሰጣታለሁ፤ የእናቴን ስም። የጧት ፀሐይ ስትወጣ የምትፈነጥቀው ጮራ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አስጠነቅቃችኋለሁ። ልጅቷ አድጋ ስሜ ከየት መጣ ብላ ስትጠይቅ፣ ነገሩን እንዳታጣፍጡላት። እንዲህ ብለን ጠየቅናት፣ እንዲህ ብላ መለሰችልን በሏት።»

«እሽ፣ እንላታለን» አሉ ይርጋነሽ፤ ቀጥሎም ነገሩ ስላልተዋጠላቸው፣ «ካልገዛሽ ግን ምኑን ሽያጭ ሆነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ኦብሴ ሻሿን ከራሷ ፈታ ሕፃኗን ጠቀለለችበት። «ይኸው፣ በሽያጩ ፈንታ። ይብቃዎት።» ከዚያም ወደ ማስተዋል ዞረች። «አሁን የኔን ነገር ስሚ። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ናት። ያለፉትን ልጆችሽን ምን እንደ ወሰደብሽ አላውቅም፤ ማንም አልመዘገበውም። የዚችን ግን እናውቃለን። በየሳምንቱ አስመዝኛት።»

«ሥራዬ እኮ መመዘን ነው» አለች ማስተዋል ቀስ ብላ። «ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ከኔ የተሻለ ሚዛን አለሽ።»

ኦብሴ የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት አውጥታ በራሷ እጅ «ቢፍቱ ሰማው ቢያድግልኝ» ብላ ጻፈችበት።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሲሞላት፣ ግንቦት 8፣ ሞጣ ላይ ክርስትና ተነሣች። ሰማውም ለዚሁ ከቢቸና መጥቶ ነበር። ይርጋነሽ የፈሩት የንስሐ አባታቸውን ቄስ ሣህለ ማርያምን ነው፤ ስሙን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብለው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ሰንብተዋል። ቄሱ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው አስነግረው ሰሙ።

«በቤተ ክርስቲያን ወለተ ገብርኤል ናት» አሉ። «ልጅ እንሽጥ ማለታችሁ ጣዖት ነው፤ ሰባት ሰባት ቀን ጾማችሁ ስገዱበት።»

«ስሙስ፣ አባ?» አሉ ይርጋነሽ።

«ስሙ ምን አደረጋችሁ?»

ከዚህ የበለጠ አንድ ቃል አልጨመሩም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥልጣን ኖሯቸው ሥልጣናቸውን በልኩ የተጠቀሙ ሰው እኒህ ቄስ ብቻ ናቸው።

ባልና ሚስት ወደ ቢቸና ተመለሱ። ግንቦት 12፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ማስተዋል ለበርበሬና ለቅመም በሚያገለግለው ትንሹ ሚዛን ላይ እንቅብ አስቀምጣ ቢፍቱን መዘነቻት፤ አምስት ኪሎ ሆነች። ባለወፍጮው አቶ ገብረ ክርስቶስ ከበር ላይ ሆኖ ያይ ነበር።

«ይች ደግሞ ማዶ የበቀለች እህል ናት አሉ» አለ።

«ማዶም ይብቀል፣ ሙሉ ኪሎ ነው» አለችው።

«እንግዲያው ተራ አስይዣት፤ ሳትፈጭ እንዳትሄድ።» እሱ ራሱ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከጥቅምት 2006 ወዲህ በዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር።

ሰኞ ግንቦት 14 ልደት ለማስመዝገብ ወደ ቀበሌያቸው ሄዱ። የክብር መዝገብ ሹሙ አቶ ገብረ ኪዳን አምሳ ዓመት ያለፈው፣ በወጣትነቱ ቅኔ ቤት የቆየ፣ ፊደሉ እንደ ብራና ጽሑፍ የሚያምር ሰው ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ።

«ቢፍቱ ምንድን ነው?»

«የጧት ፀሐይ ጮራ ማለት ነው፣ ጋሼ» አለ ሰማው።

«ድንቅ ምሥጢር ነው» አለ ገብረ ኪዳን ትርጉሙን በቅኔ ቤት ቃል ጠርቶ፤ በእውነትም ደስ ብሎት ነበር። ሐሙስ መጥተው የምስክር ወረቀቱን እንዲወስዱ ነገራቸው።

ሐሙስ ሰማው ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነበው አጥፎ አመጣው። ማስተዋል ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ የተጻፈ ነገር ሳታነብ አታስቀምጥም። በዚያ በሚያምር ፊደል፣ በማኅተም ሥር የተጻፈው «ጮራ ሰማው ቢያድግልኝ» የሚል ነበር።

ነገሩ በዝርዝር ይታይ። አንደኛ፣ የልደት ማሳወቂያው ከሹሙ ፊት ነበር፤ ስሙም በግልጽ ተጽፎበታል። ሁለተኛ፣ ወላጆቹ ፊት ለፊቱ ቆመው ስሙን በአፋቸው ተናግረዋል። ሦስተኛ፣ ሕጉ ስም የማውጣትን መብት ለወላጅ ሰጥቷል፤ ለሹሙ የሰጠው የተነገረውን መጻፍ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ሹሙ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በቀለለ። ገብረ ኪዳን ግን በጎ የሠራ መስሎት ነበር። ለአማራ ልጅ የማዶ ሰው ስም አይስማማም፤ ዘመኑ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዘመን ነው፤ ልጅቱ ነገ ትምህርት ቤት ስትገባ የስሟና የአባቷ ስም አለመገጣጠም ጥያቄ ያስነሣባታል፤ ስለዚህ ምሥጢሩን ጠብቆ ቃሉን ብቻ ለወጠው። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን ዓይነት ጥፋት ጥፋት አይለውም፤ ሙያ ነው ይለዋል። የሌላውን ሕዝብ ስም አክብሮ መግደልም የራሱ ጥበብ አለው።

«ጮራም እኮ ያው ነው» አለ ሰማው።

«ያው አይደለም።»

«ትርጉሙን ነው የጻፈው፣ ማስተዋል። አሁን እሱን ብለን ከቀበሌ ጋር ልንጣላ ነው? ዘመኑን አታይም?»

«ስሙ ተለወጠ ማለት እኮ ነው» አለች። ሰማው ምን እንደ ፈራች ገባው። ከዚያ በኋላ ስለ ዘመኑ አላነሣም።

ግንቦት 19 ቅዳሜ ቢፍቱ አምስት ኪሎ ነበረች፤ ግራም አልጨመረችም። ማስተዋል ሚዛኑን አራግፋ ሁለተኛ መዘነች፤ ያው ነው። በሳምንቱ መካከል ሕፃኗን ሳል ጀመራት። ግንቦት 26 ቅዳሜ አራት ኪሎ ከስምንት መቶ ሆነች። ገብረ ክርስቶስ ያን ቀን አልቀለደም። ማስተዋል ኪሎው ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቆም አይቶ፣ «ሂጂ፣ እኔ እመዝናለሁ» ብሎ ከሥራ አስወጣት።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ በደብረ ወርቅ በኩል፣ ሕፃኗን አዝላ ሞጣ ወረደች። ቢቸና ሐኪም ሞልቶ ሳለ ያን ያህል መንገድ መሄዷ ስሕተት ነበር፤ ይህም ሳይታለፍ ይመዝገብ። የሄደችው ግን መድኃኒት ብቻ ፈልጋ አይደለም። የስሙን ባለቤት ይቅርታ ልትጠይቅ ነው።

ኦብሴ የሕፃኗን ደረት አዳምጣ ትንፋሿን በሰዓት ቆጠረች። «የሳንባ ምች ነው። ይድናል። አሁን ንገሪኝ፤ ቢቸና ሐኪም ጠፋ?»

ማስተዋል ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻት። ኦብሴ አነበበችው። ከዚያ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም።

«ትርጉሙማ ልክ ነው» አለች። «አንድ ፊደል አልሳተም። ማን ተርጉም አለው?»

«ሽያጩ ፈርሶ ነው የታመመችብኝ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ ቆሜ ማየት ነበረብኝ።»

«ማስተዋል፣ እይኝ። ስምና ሞት አይተዋወቁም። የታመመችው ጉንፋን ይዟት ነው። ያተረፋት ደግሞ ሚዛንሽ ነው፤ ባትመዝኛት ኖሮ አሁንም እንደ በፊቱ ጠብቀሽ ጠብቀሽ ትመጭ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም ምንም አልረዳሽም።» ማስተዋል የልጅቱን ደረት በነጠላዋ ሸፈነች። ሰጠኝን እያሰበች መሆኑ ለኦብሴ ገብቷታል፤ ስለዚህ ነገሩን አላራዘመችውም። «ስሙን ግን አስመልሺ። ሞትን ፈርተሽ ሳይሆን እናቴን አክብረሽ አስመልሺ።»

አራት ቀን ጤና ጣቢያ ተኙ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ በአራተኛው ቀን ጡት እስኪበቃት ጠባች። ይርጋነሽ ጧትና ማታ ምግብ ያመላልሱ ነበር። ሊወጡ ሲሉ ወደ ኦብሴ ጠጋ ብለው፣ «እናትሽ ደኅና ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ደኅና ናት፣ እማማ።»

«ስሜን ጥሪልኝ፤ ሰላም ብላዎታለች በይልኝ።»

እኒህ ሴት ሰባ ዓመት ሙሉ የዓባይን ማዶ ሰው «እነሱ» ሲሉ ኖረዋል። ያን ቀን ከማዶ ያለችን አንዲት ሴት አንቱ አሉ። ይህ ቀደም ሲል ያሉትን አይፍቀውም፤ ግን ብለውታል፤ መባሉም በዚያኛው አጠገብ ሊጻፍ ይገባል።

ሰኞ ሰኔ 5 ቀን ማስተዋል ብቻዋን ቀበሌ ሄደች። ልጅቱን አዝላ ነበር። ወረቀቱን ከገብረ ኪዳን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አቶ ገብረ ኪዳን፣ ይህ የልጄ ስም አይደለም።»

«ምሥጢሩ ያው ነው፣ እህቴ። ለሷ ብዬ ነው። ነገ ሰው ምን ይላታል? ስሟ የማዶ፣ አባቷ ሰማው።»

«የአማቴ ስም ቢያድግልኝ ነው። እናታቸው ልጅ እየሞተባቸው ሞትን ሲለምኑ ያወጡት ስም ነው። እሱን ለምን አላቃኑትም?»

«እሱማ የታወቀ ስም ነው።»

«የኔም ይታወቃል። ይጻፉት ብቻ።»

«መዝገብ እኮ ነው፤ አንዴ ከተጻፈ...»

«እሽ» አለች ማስተዋል። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ካልሆነ አንድ ወረቀት ይስጡኝ። ወላጆቿ ቢፍቱ ብለው አስመዘገቡ፤ እኔ ሳልጠይቃቸው ለውጬ ጻፍሁ ብለው ይፈርሙበት። ማኅተም ያድርጉበት። ልጄ አንድ ነገር ብትሆን አልከስስዎትም፤ ወረቀቱን ብቻ ስሙን ከሰጠቻት ሴት ሻሽ ጋር አስቀምጠዋለሁ።»

ገብረ ኪዳን ብዕሩን አነሣ፤ አስቀመጠው። በዘመኑ ብዙ ወረቀት ፈርሟል። የሠራውን ነገር በትክክል የሚናገር ወረቀት ፈርም ሲባል ግን የመጀመሪያው ነበር። ቢፍቱ ከእናቷ ጀርባ ሆና ታየው ነበር። መልካም ሥራ የመሰለው ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ምን እንደሚመስል የገባው ያኔ ነው።

«ስንት ልጅ ነው የሞተብሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ሦስት።»

«አልነገራችሁኝም።»

«አልጠየቁንም።»

ገብረ ኪዳን ከወንበሩ ተነሣ። መዝገቡን አውጥቶ «ጮራ» የሚለውን በአንዲት ቀጥተኛ መስመር ሰረዘው፤ ከጎኑ «በሹሙ ስሕተት» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበት። ከዚያ አዲስ የምስክር ወረቀት አወጣ። «ቢፍቱ» የሚለውን ቃል የጻፈው ከሌላው ሁሉ በረዘመ ጊዜ ነው፤ ፊደሉም ከሌላው ሁሉ ያምር ነበር።

የቀረው የሚዛን ታሪክ ነው። ሰኔ 10 አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ነሐሴ መጨረሻ ስድስት ተኩል። በ2010 ዓ.ም. መስከረም እንቅቡ ስለጠበባት ሰማው ለሚዛኑ የሚሆን ትንሽ ሣጥን ከዋንዛ ሠራላት። ማስተዋል ቅዳሜ ቅዳሜ የጻፈችው ደብተር ዛሬም አለ፤ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ አንዲት ቅዳሜ አልዘለለም። ጥር 27 ቀን ቢፍቱ እንደ ሰጠኝ ዐሥራ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ሆናት። ያን እሑድ ማስተዋል ከቤት አልወጣችም፤ ልጅቱንም ከዓይኗ አልለየቻትም። ማታ ሰማው ሲገባ ሁለቱም መደብ ላይ ተኝተው አገኛቸው፤ ልጅቱ እያንኮራፋች ነበር።

በሳምንቱ፣ የካቲት 3 ቀን ቅዳሜ፣ ወፍጮ ቤቱ ገበያተኛ ሞልቶት ነበር። ቢፍቱ ሣጥኗን ደግፋ ቆማ የፈሰሰ ጤፍ በጣቷ እየለቀመች ወደ አፏ ታደርግ ነበር፤ እናቷም እየተመላለሰች ከአፏ ታወጣለች። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባለወፍጮው ገብረ ክርስቶስ ሂሳብ ሲያይ ደብተሩን ገለጠና፣ «ቅዳሜ ሕፃኗን አልመዘንሻትም» አለ።

ማስተዋል ዞር አለች። ፊቷ በዱቄት ነጭ ሆኖ ስለ ነበር መልኳ ይለወጥ አይለወጥ አይታወቅም።

«ረሳሁት» አለች።

«ረሳሁት?»

«አዎ። ረሳሁት።» ቃሉን ለራሷ እንደምትሰማ ሁሉ ደግማ ተናገረችው። ከዚያ በሩ ላይ ተራ ስትጠብቅ የነበረችውን ሴት ከረጢት አንሥታ ትልቁ ሚዛን፣ ባስኩላው፣ ላይ አስቀመጠች።

«አሁን ትመዝኛታለሽ?» አለ ገብረ ክርስቶስ።

«ቅዳሜ» አለች ማስተዋል፤ «ቅዳሜ ይደርሳል።» የሴትየዋንም ጤፍ መመዘን ጀመረች።